ፍሬሙ የበላት ሴትዮ

ሰኞ

በቅርብም በሩቅም ለምትገኙ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ። ለረጅም ዓመታት እንጨትን ከእንጨት ሲያስታርቅ የኖረው የኮላ ማሞቂያችን ዛሬ ጠዋት በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የምንገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው። ሟቹ ከማለፉ በፊት አንዴ ጭሷል። ትዳር አልያዘም፣ ልጅ አልወለደም፣ ከእኔ ጣት በቀር ያቃጠለው የለም። የተረፈው ኮላ አብሮት ደርቋል።

ይህን ኮፍያዬን አውልቄ፣ ድምፄን አወፍሬ ለአባዬ አነበብኩለት። አልሳቀም። ከጠረጴዛው ቀና ብሎ "ሽቦውን አየኸው?" አለኝ። ሜትሮ ግን በፍሬም ሱቃችን በር ላይ ሆኖ ሰምቷል። ሜትሮ ከመንገድ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ የልብስ መለኪያ ሜትሮውን እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጥሎ ስለሚውል ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት። "ተው አንተ ልጅ" አለ፣ "የእናትህ አፈር ገና ሳይደርቅ።"

እውነቱን ነው። ደግሞም በዚህ ዝናብ የሚደርቅ አይመስልም።

ሽቦውን አየሁት። ተቃጥሏል።

ማክሰኞ ማታ

ሥራ መጣ። እማዬን ከቀበርን ወዲህ አባዬ የተቀበለው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ሌላውን ሁሉ "ሌላ ቦታ ሞክሩ" እያለ ሲሸኝ ነው የከረመው፤ የሰው ዘር ሁሉ ፎቶውን እያቀፈ ተመልሷል።

ያመጣችው የጥርስ ሐኪም ናት። ክሊኒኳ ውስጥ ሰው ተራ የሚጠብቅበት ክፍል ላይ ልትሰቅለው ነው። የተጠቀለለበትን አንሶላ ስትፈታው ባሕር ወጣ። ጃንጥላ፣ ልጅ፣ ጀልባ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ የቆሙ ሴቶች፣ በግራ ጥግ ደግሞ የሚሮጥ ቡናማ ውሻ። ሰው እንደ ጉንዳን ነው የፈላበት። ጠጋ ብዬ ላይ ስል ግን ሁሉም ጠፉ። ሰው ያልኩት የቀለም ጠብታ፣ ጃንጥላ ያልኩት አንድ ጭረት ሆነ።

"የሣለው ሰው ብሩሹን እያራገፈ ነበር?" አልኳት።

"ኢምፕረሽኒስት የሚባለው አሣሣል ነው። ከሩቅ ነው የሚያምረው።"

"እንደ እኔ ማለት ነው።"

"አንተ ከሩቅም አጠራጣሪ ነህ" አለችኝ። ወደድኳት። ከዚያ ያበጠ ጉንጬን አየችና "ያ ጥርስ ይነቀላል" አለች። የምን ጥርስ ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ችግሩ ሱቃችን ጠባብ ናት። ወደ ኋላ ሁለቴ የተራመደ ሰው መስታወት ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እኛ ቤት ሥዕሉን ያየ የለም፤ የምናየው ቀለሙን ነው።

አባዬ ብዙ ቆይቶ አየው። በተለይ የቀኙን ጠርዝ። እዚያ ከሥዕሉ ለመውጣት አንድ ሐሙስ የቀራት ሴትዮ አለች፤ አጎንብሳ ነጭ ጨርቅ የምታራግፍ ትመስላለች። ለእኔ አንድ ሰማያዊና አንድ ነጭ የቀለም ልቅለቃ ናት።

ሐሙስ

መጀመሪያ ለማያውቅ ላስረዳ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የሚያስተምርበት ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥመውም። ፍሬም በውስጥ በኩል ከንፈር አለው። ሸራውን ከኋላ ስታስገባው ከንፈሩ ላይ ያርፋል፤ እንዳይወድቅ የሚይዘው እሱ ነው። የያዘበትን ያህል ደግሞ ይሸፍናል። እኛ "ፍሬሙ በላው" እንላለን። ዙሪያውን አንድ የአውራ ጣት ስፋት ይበላል፤ ያልበላበት ሥዕል ሠርተን አናውቅም።

ዛሬ አባዬ ቆረጠ፣ አዲስ ኮላ ከሰል ላይ አሙቆ አጣበቀ፣ አደረቀ። ሸራውን ከኋላ ሲያስገባው በፊት በኩል ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አለ። ባሕሩ ከነሕዝቡ በፍሬሙ ውስጥ አለፈ።

የፍሬሙን የውስጥ ልክ ከሸራው እኩል አድርጎ ነው የቆረጠው። ይህን ስህተት እኔ እንኳ የሠራሁት በመጀመሪያው ሳምንቴ ነው፤ ያኔም እማዬ እስክታለቅስ ስቃብኛለች።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ፍሬም አይደለም፣ መስኮት ነው።"

"ይሆናል" አለ።

ጥርሴ ደህና ነው። ካልተናገርኩ፣ ካልበላሁና ካልተነፈስኩ ምንም አይለኝም።

እሑድ

እትዬ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ባል አላት፣ ትርፍ ክፍል አላት፣ ስለ ሁሉም ነገር እቅድ አላት። ያንን ከንፈር የለሽ ፍሬም አንስታ አየችው። የፍሬም ሠሪ ልጅ ናት፤ አስረጂ አላስፈለጋትም።

"አባዬ፣ ይሄን አንተ ነህ የቆረጥከው?"

"እኔ ነኝ።"

"በቃ። እኔ ጋ ትመጣለህ። ሱቁን እናከራየዋለን።"

"ሥራ ይዣለሁ እኮ" አለ አባዬ፤ ድምፁ ከጠረጴዛው ሥር የመጣ ይመስላል።

"እሺ። ዝናቡ እስኪያቆም ይህን አንድ ሥራ እንደ ድሮህ ጨርሰህ አሳየኝ፤ ሁለተኛ አላነሳም። ካልሆነ ግን ዕቃህን አሸክሜ ነው የምወስድህ።"

አባዬ ከሱቁ ሌላ የት ይቀመጣል? እሷ ቤት ሶፋ ላይ ሆኖ የቴሌቪዥኑን ማዕዘን እየለካ ነው የሚሞተው።

ከኋላ ክፍል ሆኜ ለባሏ በስልክ ስትነግረው ሰማኋት። "አባዬ እየረሳ ነው መሰለኝ። ያኛው ደግሞ ይስቃል። አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም፤ ምን ዓይነት ልጅ ነው በናትህ።"

እኔ ምን ላድርግ። ፈልጌ አጣሁት። ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ኪሴን ሁሉ ዳብሻለሁ። እትዬ የማትረሳልኝ የቀብሩን ቀን ነው። ሳጥኑ ሲወርድ አየሁና ለአባዬ በጆሮው "ማዕዘኑ አልገጠመም" አልኩት። እሷ ሰማች። አባዬ ግን "አይቻለሁ" ነበር ያለኝ።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አልገጠመም ነበር።

ማክሰኞ

በሁለተኛውም ፍሬም ሥዕሉ አለፈ። ያው ልክ፣ ያው ዘጭ።

አሁን ፈራሁ። እትዬ እንዳታይ ፍሬሙን ቆራርጬ ከማገዶ ጋር ደበቅሁት። አባዬ ስቆራርጠው አየኝ፤ ለምን አላለኝም።

ረቡዕ

ሐኪሟ መጣች። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ብርጭቆ ወረቀት እየፈለገ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱ በእጁ ነው። ስለዚህ ነገሩን እኔ ያዝኩት።

"የባሕር ሥዕል ቶሎ አይገባም" አልኳት። "ማረፍ አለበት። እርጥበት አለው።"

"ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ሥዕል ነው።"

"ባሕሩ ደግሞ ከሥዕሉ ይበልጣል። እንጨት ሳይለምደው ከገባ ፍሬሙ ያብጣል።"

"እንደ ጉንጭህ?"

"ጉንጬ ቀልድ ቋጥሮ ነው።"

የአባዬን ጀርባ አየች። በሩ ኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የእማዬን ሽርጥም አየች፤ ከሞተች ወዲህ ማንም አልነካውም፣ ኪሱ ውስጥ ሰጋቱራ እንዳለ ነው። እማዬ ነበረች እንጨቱን የምትልገው። "እሺ፣ ይረፍ" አለች ሐኪሟ፣ ጃንጥላዋንም ዘርግታ ወጣች።

በውሸቴ አልሳቅኩም። ይህ ለእኔ አዲስ ነው።

ሐሙስ

ዝናብ። አልተኛሁም። ጥርስ። አባዬ ሜትሮ ጋ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ወሬ እንደሚወድ አላውቅም ነበር። ምሳውን ነክቶ ተወው፤ እኔም በዚያ በኩል ማኘክ ስለማልችል የእሱን አልጨረስኩለትም። የሱቃችን ድመት ደላት።

ዓርብ

ሦስተኛውን ለመቁረጥ ሲለካ ደረስኩ። ያው ልክ። እርሳሱ ያረፈበትን አየሁት፤ እንደገና ሊያልፍ ነው። ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዝም የምልበት አካል አልተሠራልኝም።

ሜትሮ ጋ ሲሻገር ካርቶን ቆርጬ በሥዕሉ ዙሪያ እንደ ከንፈር ለጠፍኩበት። ሲመለስ አጎንብሼ እጅ ነሳሁትና "አባዬ፣ ገላገልኩህ። ሴትዮዋን ቀበርናት፣ ሥራው አለቀ" አልኩት።

ካርቶኑን ቀስ አድርጎ አነሳው። ቀለሙ እንዳይላጥ በጥፍሩ ጫፍ፣ እንደ ፋሻ። አጠፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ኮቱን ሳይለብስ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ወደ ታች ነው የሄደው። መንገዱ መጨረሻ ላይ ምን ሊፈልግ እንደሄደ አላውቅም። ምንም የለም።

ዓርብ ማታ

ሜትሮ ነው ያመጣው፤ ጃንጥላው ሥር አስገብቶ፣ ክንዱን ይዞ። አባዬ ልብሱን ሊቀይር ኋላ ሲገባ ሜትሮ በሩ ላይ ቀረ።

"ምን አልከው?"

"ቀለድኩ።"

"ቀለድኩ ብሎ ነገር የለም። ምን አልከው?"

ነገርኩት። ሜትሮውን ከአንገቱ አውርዶ እጁ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ ጠቀለለው።

"አባትህ እኔ ጋ ሲመላለስ ለወሬዬ የሚመጣ መስሎሃል?"

"ወሬዎማ ለሁሉም ይተርፋል።"

"ስማኝ አንት ቀበጥ። እኔ በር ላይ ቆሞ ወደ እናንተ ሱቅ ነው የሚያየው። ያ ሥዕል ከዚያ ነው የሚታየው። ትናንት እኔንም ጎትቶ አሳየኝ፤ ያቺን ዳር ያለችውን። መጀመሪያ የታለች አልኩ። ከዚያ አየኋት። ያንን ማጎንበስ ስንት ዓመት ስሳደብበት የኖርኩ ሰው እንዴት አላውቀው? እናትህ ሁልጊዜ ማታ እዚህች በር ላይ ሽርጧን ታራግፍና ሰጋቱራው ተኩሼ የሰቀልኩት ኮት ላይ ያርፋል። 'አንቺ ሴትዮ፣ ልብሴን!' እላለሁ። 'በብሩሽ ይለቃል፣ ቀላል ነው' ትለኛለች።" እጅጌውን በእጁ ጠረግ አደረገና "አሁን ልብሴ ንጹሕ ነው። ምን ያደርግልኛል" አለ።

ስለዚህ አባዬ አልረሳም። አልተሳሳተምም። ከንፈር ያለው ፍሬም ከቆረጠ ይበላታል። ከንፈር የሌለው ከቆረጠ ሥዕሉ ያልፋል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲቆርጥ የነበረው የማይበላ ፍሬም ነው። እንዲህ ያለ ፍሬም እንደሌለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ና ተሻገርና እየው" አለኝ ሜትሮ።

"ጥርሴን አሞኛል" አልኩት።

"ጥርስ ባዳ ነው። ሆድ ሲያለቅስ እሱ ይስቃል" አለና ሄደ።

አልተሻገርኩም። ዝናብ ነበር።

ቅዳሜ ማታ

በረጅሙ የምጽፈው እንዳልረሳው ነው።

አባዬ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ሥዕሉ ከፊቱ ነው። ይቅርታ ልለው ስል አፌ ለምዶበት ሌላ ነገር አወጣ።

"በመጋዝ ቆርጠን ሴትዮዋን እናስቀራት? ለሐኪሟ ባሕሩ ይበቃታል።"

"ሥዕሉ የሰው ነው" አለ።

"ታዲያ ያለ ፍሬም ትስቀለው።"

"ሸራው ይጣመማል። እናትህ ትሙት አልልም አሁን" አለና ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ መብራቱ ሊሆን ይችላል። "ያልበላ ፍሬም አይዝም፣ ልጄ። እየሞከርኩ ነው። አይዝም።"

እንዲህ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ከሰማሁ ቆየሁ። ከዚያ ጠርዙን ሳይነካ በጣቱ ከአየር ላይ አሳየኝ። "ሽርጧን ስታራግፍ እንዲህ ነበር። ነፋሱን ጀርባ ሰጥታ። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ዓይኔ ያርፍባት ነበር፤ አያት ነበር ማለት ግን አይደለም። ሥራ ላይ ነበርኩ።"

ጥርሴ ደግሞ ልቤ የወረደበት ይመስል ይመታል።

"አባዬ" አልኩት፣ "በላት ማለት እኮ አስወጣት ማለት አይደለም። እዚያው ናት። እንጨቱ ሥር ቆማ ታራግፋለች። እንደውም ዝናብ አይነካትም።"

ለቀልድ ነው ያልኩት። ሌላ ምን አውቃለሁ።

በአውራ ጣቱ የሸራውን የቀኝ ጠርዝ ለካ። ከዚያ "ብርጭቆ ወረቀቱን አቀብለኝ" አለ።

"በእጅህ ነው" አልኩት።

አየው። እውነትም በእጁ ነበር።

ማክሰኞ

እየቆረጠ ነው። የእማዬን ሥራ፣ መላጉን፣ እኔ ያዝኩ። "በእንጨቱ አቅጣጫ፣ እንደ ድመት ጀርባ" ትል ነበር። ድመቷ ራሷ መጥታ አየችኝና ተስፋ ቆርጣ ሄደች። ሽርጥ አልለበስኩም። ሱሪዬ ተበላሸ።

የኮላ ማሞቂያው ሽቦ ተቀየረ። ትንሣኤውን ለመግለጽ አቅም የለኝም፤ አፌ በደንብ አይከፈትም።

እሑድ

እትዬ መጣች። ፍሬሙ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሥዕሉ ገብቷል፣ አልወደቀም። አገላበጠችው። ጥፍሯን ማዕዘኑ ላይ አስኬደች፤ እንጨትና እንጨት የተገናኙበት አይታወቅም፣ ከአንድ ዛፍ ታጥፎ የወጣ ይመስላል።

"ማዕዘኑ ገጥሟል" አለች።

ያለችው ለአባዬ ነው። ያየችው እኔን ነው። እኔም ጉንጬን ይዤ ነበርና ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ስለ ሶፋውና ስለ ኪራዩ ምንም ሳትል ሳህኖቹን አጥባ ሄደች። ስትወጣ ሽርጡን በጣቷ ነካ አደረገችው።

እኔ ሥዕሉን አላየሁትም። ቀለሙን እንኳ። ስጠቀልለው ፊቱን ወደ ታች አድርጌ ነው።

ሰኞ

ሐኪሟ ወሰደችው። "ባሕሩ ደረቀ?" ስትለኝ "አረፈ" ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ በላይ አልተከፈተም። አገጬን ያዘችና ወደ ብርሃን አዞረችኝ፣ አባዬ ፍሬም እንደሚያዞር።

"ነገ ጠዋት ትመጣለህ። ካልመጣህ አባትህን ይዤ እመጣለሁ።"

"ይመጣል" አለ አባዬ። ሁለቱም አደሙብኝ።

ማክሰኞ

ማደንዘዣ ወጋችኝና "እስኪይዝ ውጭ ተቀመጥ" አለችኝ። ግማሽ ፊቴ የሌላ ሰው ሆነ። በጥፊ ብመታው እሱን ነው የሚያመው፣ እኔን አያገባኝም።

ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ረጅም ነው፣ እንደ ኮሪደር። አንድ ወንበር ብቻ ነበር ባዶ፣ ከመጨረሻው ግድግዳ ሥር። ሥዕሉ ከማዶኛው ጫፍ ነው። ወዴት ልዙር? አየሁት።

ሰዎቹ ሁሉ ሰው ሆነዋል። ነፋስ አለ። አንዱ ልጅ ውሃ ይረጫል፣ ሌላው ይሸሻል። ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ እየቀለድኩ አይደለም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ውሻው እንደጠፋ ነው፤ በግራ በኩል ፍሬሙ ውሻውን ሙሉ በሙሉ በልቶታል። አባዬ እንዲህ አይሠራም፣ ዙሪያውን እኩል ነው የሚያስበላው። ከዚያ ወደ ቀኝ አየሁ። ሸራውን ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ነው ያስገባው፤ በግራ ብዙ፣ በቀኝ ለመያዝ ያህል ብቻ። ሴትዮዋ የለችም፣ እንጨቱ ሥር ናት። ጨርቁ ግን ቀርቷል። ከፍሬሙ ጠርዝ ነጭ ጨርቅ ብቅ ብሎ በነፋስ ይወዛወዛል፣ አንድ ሰው ከእንጨቱ ጀርባ ቆሞ እያራገፈ እንዳለ።

እያየሁ ቆየሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ትልቅ ሴትዮ ሶፍት አወጡና ሰጡኝ። በደነዘዘው በኩል ምራቅ ፈሶኝ ነው ብዬ አፈርኩ፣ አገጬን ጠረግሁ።

"ከፍ ብሎ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

ከንፈሬን ጠረግሁ።

"ከዚያም ከፍ ብሎ።"

ከመቼ ጀምሮ እንደሚፈስ አላውቅም። ጉንጬ አይሰማኝም ነበር።

ሐኪሟ በሩን ከፍታ "ያዘህ?" አለችኝ። ያዘኝ አልኳት። ነቀለችው። አላመመኝም።

ማክሰኞ ማታ

ማደንዘዣው ለቀቀኝ። አሁን ያማል። ልክ ነው፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

አባዬ ስገባ "አየኸው?" አለኝ። "ውሻውን በላኸው" አልኩት በጨርቅ በተሞላ አፌ። "ውሻው ይዋኛል" አለ። ሳቀ። ቀድሞኝ ቀለደ፤ ሰማይ ይህን ይመዝግብልኝ።

ሱቁን ስንዘጋ ሽርጧን ከሚስማሩ አውርጄ በሩ ላይ አራገፍኩት። ነፋሱን ጀርባ ሰጥቼ። ሜትሮ አንድ ኮት ተኩሶ በሩ ላይ ሰቅሎ ነበር።

"አንተ፣ ልብሴን!" አለ። ከዚያ የያዝኩትን አየ። ከዚያ እንደገና፣ ከመጀመሪያው በበለጠ ድምፅ፣ "አንተ ልጅ፣ ልብሴን እኮ ነው!"

"በብሩሽ ይለቃል" አልኩት።

በታላቅ ሐዘን የጀመርኩትን ይህን ነገር መልሼ አነበብኩት። ይህን ያህል ወረቀት የሚያስጨርስ አልነበረም። የኮላ ማሞቂያው ይሠራል፣ ዝናቡ ቀንሷል፣ አባዬ ነገ የሠርግ ፎቶ ይቆርጣል። የጎደለው አንድ ጥርስና አንድ የአውራ ጣት ስፋት ባሕር ነው። ቀላል ነው።